ተዛማጅ ያልሆነው ትምህርት

በጥቅምት ወር አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ ለመሄድ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘሁ። አራት ሰዓት ላይ ይነሳል የተባለው አውሮፕላን ገና ከአዲስ አበባም አልተነሳም ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የአየር መንገዱ ሠራተኛ «በአየር ጠባይ ምክንያት ነው» አለኝ። የየትኛው ሰማይ ጠባይ እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ ከእኛ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ መልስ ያንገበግበኛል። ንዴቴን የማካፍለው ሰው ስፈልግ፣ ከፍተሻው በር ውጭ ባለው መጠለያ ሥር፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የላፕቶፕ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያቀፈውን አሸብርን አየሁት።

አሸብር በክልሉ በአንድ ቢሮ የገጠር ውሃና ንጽሕና ክፍል ኃላፊ ነው። እንደ እኔው በወጣትነቱ ከደጋው አገር መጥቶ እዚሁ ሸምግሏል፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ቀጠሮ ያከብራል፤ በመንግሥት መኪና የራሱን ሽንኩርት እንኳ አይጭንም። ጉድለት አለበት ከተባለ አንድ ነው፤ ሌላው ሰው ጋዜጣ በሚያነብበት ፍቅር እሱ መመሪያ ያነባል። በዚያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በቀጣዩ ዓመት የሚሠሩ የመጸዳጃ ቤቶችንና የውሃ ፓምፖችን ዕቅድ በስብሰባ አቅርቦ ለማስጸደቅ ነበር።

ገና ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ዓይኔ መናገር ስጀምር፣ አንዲት ባጃጅ አቧራ እያስነሳች መጥታ ፊታችን ቆመች። የወረደችውን ልጅ ወዲያው ለየኋት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ። ኛይየን ቾል ትባላለች። በአካባቢ ጤና ዲግሪዋን ይዛ መጀመሪያ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ሠራች፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት አሸብር ክፍል ውስጥ ባለሙያ ናት። የአፍ መፍቻዋ ኑዌርኛ ነው፤ አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው። ተማሪ ሳለችም እንደዚሁ ነበረች፤ የምትለውን አስባ ትጨርስና ትናገራለች።

«ጋሽ አሸብር፣ እንደምን አደሩ። መምህር፣ እንደምን አደሩ» አለችና ከፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። «መሥሪያ ቤቱ የሚፈርምበትን የትምህርት ቅጽ ይዤ መጣሁ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ካልደረሰው ቦታዬን ለተጠባባቂ ይሰጣል።»

አሸብር ወረቀቱን አልተቀበላትም። «ኛይየን፣ ትናንት ነግሬሻለሁ፤ ከትናንት ወዲያም ነግሬሻለሁ። እዚህ ድረስ ለምን ደከምሽ?»

«አውሮፕላኑ ዘገየ ሲሉ ሰማሁ። ጊዜ አለ ብዬ ነው።»

«መማርሽን አልጠላሁም። የኅብረተሰብ ጤና አምጪ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። የውሃ ምህንድስና አምጪ፣ ተነሥቼ ቆሜ እፈርማለሁ። ይህን ግን…» መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወረቀቱን እጇ ላይ እንዳለ አነበበ። «የሁለተኛ ዲግሪ በኢንተርዲሲፕሊነሪ ጥናት። ስንታየሁ፣ አንተ መምህር ነህ፤ ይህ ምንድን ነው?»

ስሙን ሰምቼው ነበር። የተለያዩ የትምህርት ዘርፎችን ለአንድ ጥያቄ ሲባል አጣምሮ የሚያጠና ነው አልኩት። ከዚህ ያለፈ እንዳይጠይቀኝ ግን ቶሎ ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ሦስት ትምህርት ክፍል ውስጥ ኮርስ እወስዳለሁ» አለች። «ውሃና ንጽሕና፣ የማኅበረሰብ ጥናት፣ የአርብቶ አደር ልማት። ከየአንዳንዱ አንድ አማካሪ ይኖረኛል። ጥናቱ ግን አንድ ነው። በክረምትና በበጋ ቦታ ለሚቀይር ሕዝብ ውሃና መጸዳጃ እንዴት ይሠራል የሚል ነው።»

«ሦስት አማካሪ ያለው ተማሪ መቼ ሊመረቅ?» አለ አሸብር። «አንዱ የጻፈልሽን ሌላው ይሰርዘዋል። ይሁን፣ ተመረቅሽ እንበል። ተመልሰሽ የት ትቀመጫለሽ? የአንቺ መደብ የሚጠይቀውን አንብቤአለሁ። ተዛማጅ ተብለው የተዘረዘሩት የትምህርት ዓይነቶች አሥራ አራት ናቸው። ይህ ከአሥራ አራቱ አንዱም አይደለም።»

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቶ ለማያውቅ አንባቢ «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስለዋል። አንድ ሠራተኛ ዕድገት ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚታየው ዲግሪው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ስሙ ከመደቡ ዝርዝር ጋር ከገጠመ ያልፋል። ካልገጠመ የተማረው ጠቃሚ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የሚማረውን የሚመርጠው ዝርዝሩን አይቶ ነው። እኔም ልጄን እንዲሁ መክሬዋለሁ፤ ዛሬ ቢሮው ውስጥ ደኅና ወንበር አለው፤ ሥራውን ግን አይወደውም።

ኛይየን ቆማ ስለነበር «ተቀመጪ እንጂ» አልኳት። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

አሸብር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጨከንኩብሽ እንዳይመስልሽ። ለማንም የማልነግረውን ልንገርሽ። እኔ ዲግሪዬን በርቀት ትምህርት ሰባት ዓመት ተምሬ ነው የያዝኩት። ቀን ቧንቧ ስፈታ ውዬ ማታ እያነበብኩ። ወረቀቱ ላይ ገጠር ልማት ይላል። መደቡ ደግሞ ውሃ ሀብት ይላል። ዘጠኝ ዓመት አንድ ደረጃ ላይ ቆሜአለሁ። እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች አለቆቼ ሆኑ። አንድ ቀን ባለቤቴ «ቆይ፣ ይህ ዲግሪ የውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ። ያ እንዳይደርስብሽ ነው።»

ይህን ነገር እኔም አላውቅም ነበር፤ ሃያ ዓመት ወዳጄ ነው። ኛይየን መሬት መሬት እያየች «አዝናለሁ ጋሼ» አለች። ቅጹን ግን ወደ ክላሰሩ አልመለሰችውም።

«ደግሞ ሌላም አለ» ሲል ቀጠለ። ሰው ሲያዳምጠው መበርታት ይወዳል። «አንቺ ጎበዝ የንጽሕና ባለሙያ ነሽ። ሁሉን ነካ ነካ የሚያደርግ ሰው አንዱንም አይጨብጥም። ሆድሽን ቢያምሽ የሆድ ሐኪም ዘንድ ነው የምትሄጂው ወይስ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የተማረ ሰው ዘንድ?»

«የሆድ ሐኪም ዘንድ።»

«ታዲያ?»

«ሐኪሙ ያድነኛል። ግን ሆዴን ያመመኝ የወንዝ ውሃ ጠጥቼ ነው እንበል። የወንዝ ውሃ የጠጣሁት ፓምፑ ሩቅ ስለሆነ ነው። ፓምፑ የራቀው ከብቶቹን ተከትዬ ስለወረድኩ ነው። ሐኪሙ አድኖኝ ወደዚያው እመለሳለሁ። ያንኑ እጠጣለሁ። በሳምንቱ እንደገና እሱ ዘንድ ነኝ። ሐኪሙ ጥፋት የለበትም። ከብቶቹ የት እንደሚውሉ መጠየቅ ሥራው አይደለም።»

«ለዚህ ነው የጋራ ስብሰባ ያለው» አለ አሸብር። «ውሃው በባለሙያው፣ ጤናው በባለሙያው፣ ከብቱም በባለሙያው ይታይና ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ሰው ሁሉንም መሸከም የለበትም።»

«ስብሰባው ላይ ነበርኩ ጋሼ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። አራት ቢሮ መጣ። ሁሉም ያቀረበው ትክክል ነበር። መጸዳጃ ቤቶቹ ግን ባዶ ናቸው።»

የትኞቹን እንደምትል አሸብር ወዲያው ገባው። እኔ ስላልገባኝ ጠየቅኩ፤ እሷም ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ።

ባለፈው ዓመት ባሮ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ ስልሳ መጸዳጃ ቤቶችና ሁለት የእጅ ፓምፖች ተሠርተው ነበር። የቦታ ጥናቱ የተደረገው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ስለሚሸፍነው ሕዝቡ በሙሉ ከፍ ያለው መሬት ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ባለሙያዎቹ ቤቶቹን ቆጠሩ፤ መሬቱን መረመሩ፤ አንድም ስሕተት አልሠሩም። ግንባታው አልቆ በጥር ተመረቀ። በጥር ግን ሕዝቡ ሣርና ውሃ ፍለጋ ከከብቶቹ ጋር ወደ ወንዙ ወርዷል። ለምርቃቱ ቀን ተጠርተው መጡ፤ አጨበጨቡ፤ ተመልሰው ወረዱ። በመጋቢት የግምገማ ቡድን ሄዶ መጸዳጃ ቤቶቹን ሸረሪት አድርቶባቸው አገኛቸው። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ሐረግ በየቢሮው ለማንኛውም ያልተሳካ ሥራ የሚጻፍ ስለሆነ ማንም አልተገረመበትም።

«ከዚያ የግንዛቤ ሥልጠና ሰጠን» አለች ኛይየን። «ሕዝቡ ያለው ወንዝ ዳር ስለሆነ ሥልጠናውን ወንዝ ዳር ሰጠን። ከመጸዳጃ ቤቶቹ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጋሼ መጸዳጃ ቤት የመጠቀምን ጥቅም አንድ ሰዓት አስረዱ። እኔ አስተረጎምኩ።»

ሳቄ መጣ፤ የአሸብርን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት።

«ሕዝቡ ግን ተቀብሎታል» አለ አሸብር፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። «በመጨረሻ አንድ አባት ተነሥተው አመሰገኑ። ትምህርቱን ተቀብለነዋል አሉ። ሪፖርቱ ላይም ሰፍሯል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ እንደዚያ አላሉም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አባ ሙት ይባላሉ። ያሉት ይህ ነው፤ «ሆዴን ሲቆርጠኝ ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄጄ እዚያ ቤት ውስጥ ልቀመጥ ነው ወይ የሚለኝ ይህ ሰው? ወይስ ቤቱን ተሸክሞ አምጥቶልናል?» ነው ያሉት። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ካሜራ ነበር። እርስዎም ደክሞዎት ነበር። አፈርኩ። አመስግነዋል፣ ተቀብለዋል ብዬ አስተረጎምኩ።»

አሸብር መነጽሩን አወለቀ።

«በሚያዝያ አተት ገባ» አለች። «ወንዝ ዳር ነው የጀመረው። ከሞቱት ልጆች አንዷ የአባ ሙት የልጅ ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ነኝ የሕክምና ድንኳኑ ውስጥ የመዘገብኳት። በዚያ ቀን ያሉትን በትክክል ብናገር ኖሮ ትድን ነበር አልልም፤ አላውቅም። ግን አንድ ሰው ሲናገር ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ይህን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?» አለ አሸብር። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ፊርማ ፈልገሽ በመጣሽበት ቀን? ሪፖርቱ ላይ ስሜ አለ። እኔ ነኝ የፈረምኩት። አሁን ተናድጄ ብነሣና ብሄድስ?»

«ይችላሉ። ግን ፊርማውን ካገኘሁ በኋላ ብነግርዎት ማታለል ይሆናል።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲለምን አይቻለሁ። የሚለምን ሰው ለስላሳውን አስቀድሞ ሻካራውን ይደብቃል። ይህች ልጅ የሁለት ዓመት ምኞቷ በአንድ ሰው ብዕር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ያንኑ ሰው የሚያስቆጣውን ነገር ራሷ አውጥታ ሰጠችው። በልቤ ኮራሁባት። ከመምህሮቿ አንዱ መሆኔንም ለሰው ሁሉ ልንገር ልንገር አለኝ።

አሸብር ውሃ ከጠርሙሱ ተጎነጨና ጥቂት ረጋ አለ። ቁጣው ሲበርድ መከራከር ይቀለዋል። «መልካም። እንግዲያው አንድ ነገር አስረጂኝ። ሕዝቡ በጥር እንደሚወርድ አንቺ ታውቂ ነበር። ከዚያው አካባቢ ነሽ። ታዲያ የምታውቂውን ለማወቅ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልሻል?»

ጥያቄው ጠንካራ ነበር። እሷ ግን መልሱን ከረጅም ጊዜ በፊት ያሰበችበት ይመስል ነበር።

«አዎ፣ አውቅ ነበር። እናቴ በልጅነቴ በጀርባዋ አዝላኝ ወርዳለች። ቢሮ ስገባ ግን ይህን የት ልጻፈው? ቅጹ የአባወራ ብዛት ይጠይቃል፤ የአፈር ዓይነት ይጠይቃል። በጥር የት ናችሁ ብሎ አይጠይቅም። እናቴ ነግራኛለች ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? እርስዎ ራስዎ ማስረጃው የታለ ይሉኛል። ልክም ነዎት። የማውቀውን ነገር መሐንዲሱ በሚቀበለው ቁጥር፣ የጤና ባለሙያው በሚቀበለው ማስረጃ፣ ባለ ከብቱም በሚገባው አነጋገር ማስቀመጥ አልችልም። ስለማልችል ዝም አልኩ። እሱን ነው ልማር የምሄደው።»

«ኅብረተሰብ ጤና ብትማሪስ ይህን አያስተምሩሽም?»

«ጥሩ ትምህርት ነው። ከተመለስኩ በኋላ ግን ያው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ የጤናውን ወንበር ይዤ። ኩሌ ስሠራ እንደዚያ ነበር። ውሃው የአንድ ድርጅት ነው፤ መጸዳጃው የሌላ፤ ክሊኒኩ የሌላ። አንዲት እናት ልጇ ሲታመም ሦስት ቦታ ትመላለሳለች። ለእሷ ጉዳዩ አንድ ነው። ሦስት የሆነው ለእኛ ነው።»

አሸብር ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ዝም አልክ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱንም የሚያስደስት ነገር እናገር ነበር። ልጅቷ ከተናገረችው በኋላ ግን ይህን ማድረግ አስጠላኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ባሮን ሰሌዳ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር አድርጌ ስዬዋለሁ» አልኩት። «ርዝመቱን፣ መነሻውን፣ የሚገባበትን ወንዝ አስተምሬአለሁ። በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ፣ በበጋ ማን ወደ እሱ እንደሚወርድ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ይህች ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። የእኔ ትምህርት የእሷን እውቀት የሚያስገባበት በር አልነበረውም። አሁን በሩን ራሴ ልሠራ ልሂድ ካለችህ፣ እኔ አንተን ብሆን እፈርማለሁ።»

«መፈረሙ ቀላል ነው» አለ አሸብር። «ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በሁለት ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ስትመለስ የሚያውቃት ሰው አይኖርም። ዝርዝሩ ውስጥ የለሽም ይሏታል።»

«ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ነው» አለች ኛይየን። «ሰው ሊጨምርበት ይችላል። ግን አንድም ሰው ተምሮ ካልመጣና ካላመለከተ ለማን ብለው ይጨምራሉ? እኔ ዘጠኝ ዓመት ልቆም እችላለሁ። እሱን አልፈራም፤ አስቤበታለሁ። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ሲቆሙ፣ ይህ ሰው የተማረው ለዚህ ሥራ ይጠቅማል ብሎ የጻፈልዎት ኃላፊ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እኔ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ ለማረፍ ተቃርቧል ተባለ። ተጓዡ ሻንጣውን መሰብሰብ ጀመረ፤ የፍተሻው በርም ተከፈተ። አሸብር ግን አልተነሣም። ቦርሳውን ከፍቶ የሚያቀርበውን ዕቅድ አወጣ። መቶ ሃያ መጸዳጃ ቤቶችና አራት ፓምፖች፣ በሌላ ቀበሌ። ጥናቱ የተካሄደበት ጊዜ ከሚለው ፊት ለፊት «ነሐሴ» ይላል። ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ የቀበሌውን ካርታ ገልጦ አግዳሚው ላይ ዘረጋው።

«እነዚህ ሰዎች በጥር የት ናቸው?»

ኛይየን ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን ከቀበሌው ስም ላይ አንሥታ ወደ ምዕራብ ወሰደችው። የካርታው ጠርዝ ላይ ደረሰች፤ ጠርዙንም አልፋ ጣቷን የአግዳሚው እንጨት ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ገደማ» አለች።

አሸብር ጣቷ ያረፈበትን እንጨት አየ። ማንም ሳይጠይቀው ብዕሩን አወጣ። ቅጹን ከእጇ ተቀብሎ፣ ትምህርቱ ከሥራው ጋር ያለው ተዛማጅነት በሚለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ ሦስት መስመር ጻፈ። አጎንብሼ አነበብኩት። «መጸዳጃ ቤቶቻችን በትክክል ተሠርተው ያለ ቦታቸው ቆመዋል። የሠራተኛዋ ትምህርት ይህን ለማረም ያስፈልገናል። ስትመለስ በዚህ ሥራ ላይ እንድትመደብ ዝርዝሩ እንዲሻሻል እኔ አመለክታለሁ።» ከሥሩ ፈረመበት።

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ማመስገን ፈልጋ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ማህተሙስ?»

አሸብር ኪሱን ዳበሰ። ማህተም የሌለው ፊርማ በአገራችን ከተራ ጽሑፍ አይለይም። ማህተሙ ያለው ከተማ ውስጥ፣ ቢሮው፣ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉ የአሸብር ኪስ ውስጥ ነው። ምክትሉ ፈቃድ ላይ ነው። ሌላ ሰው እንዲወክል ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ ደብዳቤው ግን ማህተም ይፈልጋል። ቁልፉን ለእሷ ቢሰጣትስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አሸብር እንደ ወንጀለኛ አየኝ። ባለጉዳይ የራሱን ወረቀት ራሱ ሲያትም በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ አላየም።

የአውሮፕላኑ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ኛይየን ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። «ግድ የለም ጋሼ» አለች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። «ስብሰባዎ አለ። ፈርመውልኛል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውዬ እለምናቸዋለሁ።»

«ልመና አያስፈልግም» አለ አሸብር። ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ደወለ። እኔ የሰማሁት የእሱን ድርሻ ብቻ ነው። «አልመጣም… አይ፣ ደኅና ነኝ… ዕቅዱ ስሕተት አለበት… ቁጥሩ አይደለም፣ ወሩ ነው… አውቃለሁ፣ በጀቱ ሊያልፈን እንደሚችል አውቃለሁ… ጥፋቱን በእኔ ስም ይጻፉት።» ዘግቶ ካርታውን አጣጠፈ። «እውነቱን ለመናገር ላንቺ ብዬ ብቻ አይደለም። ይህን ይዤ ፊታቸው መቆም አልችልም» አላት።

ያ ሰዓት አክባሪ ሰው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ አገጩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እኔ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ባዶውን ወንበር ሳይ ነገሩ ለእሱ ቀላል እንዳልሆነ አሰብኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ከወጣሁ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ኛይየን ነበረች። «ገባ መምህር። ደርሶናል ብለው መለሱ» አለችኝና አለቀሰች። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኳት።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያ ፊርማ ምን ጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። የዘገየው ዕቅድ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ቀረበ። ከመቶ ሃያው መጸዳጃ ቤቶች ግማሹ ከፍ ባለው መሬት ላይ እንዲቀር፣ ግማሹ ደግሞ ተነቅሎ በጀልባ ሊጓጓዝ የሚችል ቀላል የመጸዳጃ ወለል ሆኖ ወንዝ ዳር እንዲተከል ተወሰነ። ከአራቱ ፓምፖች ሁለቱ ቦታቸው ተቀየረ። የጥናት ቅጹ ላይ ዓምድ ተጨምሮበታል፤ በመስከረም፣ በጥር፣ በሚያዝያና በነሐሴ የት ናችሁ ብሎ ይጠይቃል። ከአንድ ዓምድ የተገኘው ጥቅም ይህ ነው። ዓምዱን ለመጻፍ ግን ስለ ውሃም፣ ስለ ከብትም፣ ስለ ሰውም በአንድነት የሚያስብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ወጣቶች የሚማሩትን ሲመርጡ ዝርዝሩን ብቻ አይመልከቱ የምለው ለዚህ ነው፤ የሚያሳስባቸውንም ጥያቄ ይመልከቱ። ኃላፊዎችም የትምህርቱ ስም እንግዳ ስለሆነባቸው ብቻ በሩን አይዝጉ። ዝርዝሩ እንዲሻሻል አሸብር የጻፈው ማመልከቻ እስካሁን መልስ አላገኘም። እሱ ግን በየወሩ የማስታወሻ ደብዳቤ ይልካል፤ መመሪያ የሚወድ ሰው ሲከራከር እንዴት እንደሚያስቸግር አሁን ገና እያየን ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ኛይየን የአንደኛውን መንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሳ ለጥቂት ቀናት መጣች። አሸብር ወደ አባ ሙት ይዛው እንድትሄድ ለመናት፤ እኔንም ጠራኝ። ወንዝ ዳር ያለው የከብት ሰፈር ስንደርስ ሽማግሌው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አሸብር ቆሞ፣ ባለፈው ዓመት የተናገሩት በትክክል እንዳልደረሰው፣ በልጅ ልጃቸው ሞትም እንዳዘነ፣ አሁን መጥቶ ሊሰማቸው እንደሚፈልግ ተናገረ። ወደ ኛይየን ዞሮም «እሳቸው የሚሉትን አንድ ቃል ሳታስቀሪ ንገሪኝ፤ ስድብም ቢሆን» አላት።

ሽማግሌው ብዙ ተናገሩ። እሷም ሳታሳምር ሁሉንም ነገረችው። ስድብም ነበረበት። አሸብር ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። ከዚያ አባ ሙት ወደ እሷ ዞረው አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ መለሰችላቸው። ምን እንደተባባሉ ጠየቅኳት።

«ያን ጊዜ ያልኩትን ለዚህ ሰው ነግረሽው ነበር ወይ አሉኝ። አልነገርኩትም፣ አፍሬ ነበር አልኳቸው።»

አባ ሙት ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ቀጥለው ለአሸብር በእጃቸው መሬቱን እያሳዩ ተናገሩ።

«እንግዲያው ይቀመጥ፤ ገና አልጨረስኩም» አሉ ስትል ኛይየን ተረጎመችልን። አሸብር ግን ትርጉሙን ሳይጠብቅ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።